ላጉን፣ ወሽመጥ፣ ሰላጤ ወይስ ሰርጥ? ለባሕር ጠረፍ ውሃዎች ቃል ለሚመርጡ

አማርኛ ለደጋ ውሃ ቃል አያጣም። ምንጭ፣ ጅረት፣ ፏፏቴ፣ ኩሬ፣ ረግረግ፣ ሐይቅ እያልን ሁሉንም በየስሙ እንለያለን። ጠረፍ ላይ ስንደርስ ግን ቃላችን ይሳሳል። ባሕር ወደ የብስ ገብቶ የተኛበትን ቦታ አንዱ «ባሕረ ሰላጤ» ይለዋል፣ ሌላው «ወሽመጥ»፣ ሌላው ደግሞ «ሐይቅ» ብሎ ያልፈዋል። ዜና የሚተረጉም፣ ጂኦግራፊ የሚያስተምር፣ ለዘጋቢ ፊልም የአማርኛ ጽሑፍ የሚያዘጋጅ ሰው ይህ ግራ መጋባት በየጊዜው ይገጥመዋል። ይህን መመሪያ የጻፍኩት ለእነሱ ነው።

ልዩነቱ ከቃላት ውበት ያለፈ ነው። ሰርጥ ተዘጋ ሲባል በሁለት ባሕሮች መካከል የሚደረግ ጉዞ ተቋረጠ ማለት ነው። ሰላጤ ተዘጋ ሲባል በውስጡ ያሉት ወደቦች ታፈኑ ማለት ነው። ላጉን፣ ማለትም ከባሕር ተከልሎ በጠባብ አፍ ብቻ የሚገናኘው የጠረፍ ውሃ፣ ተዘጋ ሲባል ደግሞ ዓሣውም ውሃውም ሊታመም ነው። አብዛኛው ገቢና ወጪ ዕቃዋ በጅቡቲ በኩል ለሚያልፍ አገር አንባቢ ይህን ማምታታት የነዳጅና የስንዴን ወሬ ማምታታት ነው።

መጀመሪያ አፉን እዩ

ቃሉን ከመምረጣችሁ በፊት ካርታ ክፈቱና ውሃው ከባሕር ጋር የሚገናኝበትን አፍ ተመልከቱ። ሁለት ባሕሮችን የሚያገናኝ ጠባብ መተላለፊያ ከሆነ ሰርጥ ነው። አፉ አንድና ሰፊ ከሆነ ወሽመጥ ወይም ባሕረ ሰላጤ ነው፤ እነዚህን ሁለቱን የሚለያቸው መጠን ነው። ከፊቱ አሸዋ ወይም ኮራል (ጥቃቅን የባሕር እንስሳት የሚገነቡት ድንጋይ መሰል ነገር) ተጋርዶበት ከባሕር ጋር በጠባብ መግቢያ ብቻ የሚገናኝ፣ ብዙ ጊዜም ጥልቀት የሌለው ከሆነ ላጉን ነው። ወንዝ ወርዶ ጨው አልባው ውሃ ከባሕሩ ጋር የሚቀላቀልበት ከሆነ ደግሞ የወንዝ አፍ ነው።

አፉን ከማየት በፊት ስሙን ማየት ያሳስታል። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የጠረፍ ውሃዎችን ስም ግን በአብዛኛው ያወጣው በመርከብ ሲያልፍ ከሩቅ ያየ ሰው ነው። በ1524 እ.ኤ.አ. ጣሊያናዊው መርከበኛ ጆቫኒ ዳ ቬራዛኖ በዛሬዋ ኖርዝ ካሮላይና ጠረፍ ሲያልፍ ከቀጭኑ የአሸዋ ደሴት ማዶ የተንጣለለ ውሃ አየ። ወደ እስያ የሚወስደውን ውቅያኖስ ያገኘ መሰለው። ያ ውሃ ዛሬ ፓምሊኮ ሳውንድ ይባላል። «ሳውንድ» የሚለው ስም ተርጓሚን ወደ ሰርጥ ሊመራው ይችላል፤ ካርታው ላይ ግን ከአሸዋ ደሴቶች ጀርባ የተኛ ትልቅ ላጉን ነው።

ወሽመጥ ወይስ ሰርጥ?

በአማርኛ ዜና «የሆርሙዝ ወሽመጥ» እና «የሆርሙዝ ሰርጥ» ጎን ለጎን ይነበባሉ። እኔ ያለ ማመንታት ሰርጥን እመርጣለሁ። ወሽመጥ ከጉልበት በስተኋላ ያለው መታጠፊያ ነው፤ ተስፋችን ሲቆረጥ «ወሽመጤ ተቆረጠ» የምንለው እሱኑ ነው። እግር ሲታጠፍ በውስጥ በኩል የሚፈጠረው ጎድጓዳ ቅርጽ ዳርቻው ታጥፎ ባሕሩን ላቀፈበት ቦታ በትክክል ይስማማል። ከአንድ ባሕር ወደ ሌላ ለሚያሳልፍ መንገድ ግን አይስማማም። ሰርጥ ደግሞ ጠባብነትን ይዞ ይመጣል። ሆርሙዝ በጠባቡ ቦታ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም። ቀይ ባሕርን ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ጋር የሚያገናኘው ባብ ኤል መንደብ ወደ 30 ኪሎ ሜትር ይሰፋል፤ እሱንም የፔሪም ደሴት ለሁለት ትከፍለዋለች። እነዚህን ሰርጥ ብለን ወሽመጥን ለታቀፈው ውሃ ብናስቀምጠው ሁለቱም ቃላት ሥራ ያገኛሉ። ወሽመጥን ለሁለቱም ካዋልነው ግን «መርከቧ ወሽመጡ ውስጥ ቆመች» የሚል ዓረፍተ ነገር ያነበበ ሰው መርከቧ ተጠልላ ይሁን መንገድ ላይ ተጋልጣ አያውቅም።

በወሽመጥና በባሕረ ሰላጤ መካከል ለመምረጥ የውጭውን ስም አትከተሉ። የቤንጋል ውሃ በእንግሊዝኛው በትንሹ ቃል፣ «ቤይ» ተብሎ ይጠራል፤ ስፋቱ ግን ከ2 ሚሊዮን ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን የፋርስ ባሕረ ሰላጤ ወደ 250,000 ካሬ ኪሎ ሜትር ነው። ስለዚህ በአማርኛ የቤንጋል ባሕረ ሰላጤ ማለታችን ልክ ነው። እስራኤል ያሉ ወገኖቻችን እንደሚያውቁት ዕብራይስጡ የሐይፋንም የኤይላትንም ውሃ «ሚፍራጽ» ብሎ በአንድ ቃል ይጠራል። አማርኛ ግን ሁለት ቃል አለውና ለሐይፋ ወሽመጥ፣ ለኤይላት ባሕረ ሰላጤ ማለት እንችላለን። ከዳር ቆሞ ማዶው በዓይን የሚታይ ከሆነ ወሽመጥ ማለት ጥሩ መነሻ ነው፤ ኤይላትና ጅቡቲን የመሰሉ ስማቸው በካርታና በትምህርት ቤት የጸና ቦታዎች ግን በጸናው ስማቸው ይቆዩ።

አንድ ነገር በዚሁ ልጨምር። ባሕረ ገብ መሬት የብስ ነው፣ ባሕረ ሰላጤ ውሃ ነው። «የዓረብ ባሕረ ገብ» እና «ባሕረ ሰላጤው» በአንድ ዜና ውስጥ ተቀያይረው ሲገኙ አዝናለሁ፤ በተለይ ልጆቻቸው ወደዚያ ለሥራ የሄዱባቸው ወላጆች በጥንቃቄ የሚያነቡት ዜና ሲሆን።

ላጉን ወይስ ሐይቅ?

ትልቁ ፈተና እዚህ ጋ ነው። ላጉን ሲያዩት ሐይቅ ይመስላል፤ ብዙ አገሮችም ሐይቅ ብለው ይጠሩታል። ዓረብኛ «ቡሐይራ» ሲል ትንሽ ባሕር ማለቱ ነው። ከአባይ ዴልታ በስተሰሜን ያሉት መንዘላ፣ ቡሩሉስና ኢድኩ ሁሉም «ቡሐይራ» ይባላሉ፤ ትርጉማቸውም ሐይቅ ተብሎ ይጻፋል። ከሜዲትራኒያን የሚለያቸው ግን የአሸዋ ግርዶሽ ብቻ ነው፤ ባሕሩም በቀዳዳ ይገባባቸዋል። ያው ቃል በዓረቦች ዘመን ወደ ስፔን ተሻግሮ በቫሌንሲያ አጠገብ ያለውን ሩዝ የሚበቅልበት ውሃ «አልቡፌራ» አሰኝቶታል። ሻርጃ የሚኖር ሰው ደግሞ በየዕለቱ «ቡሄይራ ኮርኒሽ» እያለ የሚያልፈው ውሃ ኻሊድ ላጉን መሆኑን ያውቃል። ፖርቱጋሎችም ናይጄሪያ ጠረፍ ደርሰው ያዩትን ውሃ ሐይቆች ብለውት የከተማዋ ስም ላጎስ ሆኖ ቀረ፤ ዮሩባዎቹ ኤኮ ይሏታል። በ1990 እ.ኤ.አ. የተመረቀውና 12 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝመው ድልድይ የተዘረጋው በዚሁ ላጉን ላይ ነው። በቤኒን ኖኩዌ የሚባለው «ሐይቅ»፣ ቤቶቹ በእንጨት ምሰሶ ላይ የቆሙባት የጋንቪዬ መንደር ያለችበት፣ እሱም ላጉን ነው።

እኛስ ምን እንበል? ሐይቅ ማለት ፈጽሞ ስሕተት ነው አልልም። በግዕዝ ሐይቅ የባሕርን ዳርቻም ይገልጻል፤ «ሐይቀ ባሕር» የተለመደ አነጋገር ነው። የዛሬ አንባቢ ግን ሐይቅ ሲባል ጣናን፣ ዝዋይን፣ ሐዋሳን ነው የሚያስበው፤ በየብስ የተከበበ፣ ከባሕር ጋር የማይገናኝ ውሃ። ስለዚህ ሐይቅ ካልን በኋላ «ማዕበሉ ገባበት»፣ «የባሕር ዓሣ እንቁላል ሊጥል ይመጣበታል» ብንል አንባቢው ይደናገራል። «የባሕር ዳር ሐይቅ» የሚለውን ሐሳብም አልመክርም፤ ምክንያቱ ግልጽ ነው፣ ማንም አንባቢ ጣናን ነው የሚያየው። የኔ ምርጫ ላጉን የሚለውን የውሰት ቃል መቀበልና መጀመሪያ ሲጠቀስ «ከባሕር በአሸዋ የተከለለ ጨዋማ ውሃ» ብሎ ማብራራት ነው። አቶልን፣ ፊዮርድን፣ ዴልታን እንደዚሁ ተቀብለናል። ለትንንሽ ልጆች «የጠረፍ ሐይቅ» ብሎ ጀምሮ ላጉን ወደሚለው መሸጋገር ይቻላል።

ላጉን ለምን የራሱ ስም እንደሚገባው ከቬኒስ የተሻለ አስተማሪ የለም። የቬኒስ ላጉን 550 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ይሰፋል፤ አብዛኛው ክፍሉ በጣም ጥልቀት የሌለው ነው። ከአድሪያቲክ ባሕር ጋር የሚገናኘው በሦስት አፎች ነው፤ ሊዶ፣ ማላሞኮና ኪዮጃ ይባላሉ። ላጉን በሁለት ወገን ይገፋል። ወንዞች ደለል ካመጡ ይሞላና የብስ ይሆናል፣ ባሕሩ አሸዋውን ከቆረጠው ደግሞ ወሽመጥ ይሆናል። ቬኒሳውያን ይህን በማወቃቸው ብሬንታንና ፒያቬን የመሳሰሉ ወንዞች ከላጉኑ ውጪ ወደ ባሕር እንዲወርዱ በዘመናት ሥራ አቅጣጫቸውን አስቀየሩ። የኋለኛው ዘመን ፈተና ከባሕሩ በኩል መጣ። በኅዳር 1966 እ.ኤ.አ. ውሃው 194 ሴንቲ ሜትር፣ በኅዳር 2019 እ.ኤ.አ. 187 ሴንቲ ሜትር ከፍ አለ። ስለዚህ በሦስቱ አፎች ወለል ላይ 78 የብረት መዝጊያዎች ተተከሉ። በተለመደው ቀን ውሃ ሞልቷቸው ከታች ይተኛሉ። ባሕሩ ሲሞላ አየር ይነፋባቸዋል፣ ውሃውን አስወጥተው ይነሳሉ፣ ላጉኑንም ከባሕሩ ይለዩታል። ከተማዋን ከጎርፍ ለመጀመሪያ ጊዜ የጠበቁት በጥቅምት 2020 እ.ኤ.አ. ነው። ሐይቅ ቢሆን የሚዘጋ አፍ አይኖረውም ነበር፤ ባሕረ ሰላጤ ቢሆን አፉ በመዝጊያ አይዘጋም ነበር።

በአሸዋ ፈንታ ኮራል የከበበው ላጉንም አለ። ማልዲቭስ እንዲህ ያለ ነው፤ «አቶል» የሚለው ቃል ራሱ ከዚያው ከዲቬሂ ቋንቋ የመጣ ነው። ቻርልስ ዳርዊን አፈጣጠሩን በ1842 እ.ኤ.አ. ሲያስረዳ የእሳተ ገሞራ ደሴት ቀስ በቀስ ይሰምጣል፣ በዙሪያው ያለው ኮራል ግን ወደ ላይ ማደጉን ይቀጥላል፣ በመጨረሻ ደሴቱ ጠፍቶ ቀለበቱ ብቻ ይቀራል አለ። እዚህ ላይ ቃሉን ለዩት፤ አቶል ቀለበቱ ነው፣ ላጉን በቀለበቱ ውስጥ ያለው ውሃ ነው። «ወደ አቶሉ ጠለቀ» ብሎ መጻፍ አያስኬድም።

የማስታወቂያ ላጉንም ተጠንቀቁ። የአይስላንዱ ታዋቂ «ብሉ ላጉን» የስቫርትሴንጊ የከርሰ ምድር እንፋሎት ኃይል ማመንጫ የሚለቀው ውሃ በእሳተ ገሞራ ድንጋይ ላይ ተጠራቅሞ የተፈጠረ ነው። ባሕር አያገኘውም። ስሙን እንደ ስም ጻፉት፣ ሲገልጹት ግን የፍል ውሃ ገንዳ ነው።

ወንዝ ያለበት ሲሆን

ዋሽንግተን ዲሲና ሜሪላንድ አካባቢ የሚኖር አበሻ ሁሉ ቼሳፒክ ቤይን ያውቃል። ስሙ ወሽመጥ ይላል፤ ውሃው ግን ባሕሩ ከፍ ሲል የሰመጠ የሳስክዌሃና ወንዝ ሸለቆ ነው። ርዝመቱ ወደ 320 ኪሎ ሜትር ሲሆን ጨዋማነቱ ከላይ ወደ ታች እየጨመረ ይሄዳል። ስለ ኦይስተር (በዛጎል ውስጥ የሚኖር የሚበላ የባሕር እንስሳ) እርባታ ወይም ስለ ውሃ ብክለት የምትጽፉ ከሆነ «የወንዝ አፍ» ብላችሁ አስረዱ፣ ምክንያቱም ላይ የተደፋው ሁሉ ታች ይወርዳል። ስለ ጀልባ ሽርሽር ከሆነ ቼሳፒክ ወሽመጥ ይበቃል። በቦነስ አይረስና በሞንቴቪዴዮ መካከል ያለው የላ ፕላታ ውሃ ደግሞ አፉ ላይ ወደ 220 ኪሎ ሜትር ስለሚሰፋ «አፍ» የሚለው ቃል ሊያሳንሰው ይችላል፤ ቢሆንም ወንዝ የሚለውን ስሙን አትቀይሩት።

ዴልታ ከዚህ ጋር አይምታታ። ዴልታ ወንዙ ያመጣው ደለል የሠራው መሬት ነው።

ኾር፣ ሸርም፣ መርሳ

በቀይ ባሕርና በባሕረ ሰላጤው ዳር ያሉ የዓረብኛ ቃላትን መተርጎም ብዙ ጊዜ ጉዳት ነው። ዋናው ምሳሌዬ ዱባይ ነው። በዴራና በቡር ዱባይ መካከል የሚያልፈውን ውሃ የአገሩ ሰው ኾር ይለዋል፣ እንግሊዝኛው «ክሪክ»። መዝገበ ቃላት ብቻ ያየ ተርጓሚ ክሪክን «ጅረት» ብሎ ይጽፋል። ያ ውሃ ግን ከየትም ምንጭ አይወርድም፤ የባሕር ውሃ ነው፣ 14 ኪሎ ሜትር ገደማ ወደ ውስጥ ገብቶ ራስ አል ኾር ላይ ፍላሚንጎ በሚሰፍርበት ጥልቀት የለሽ ውሃ ያበቃ ነበር። በእንጨት ጀልባ፣ በአብራ፣ በ1 ድርሃም የተሻገረ ሰው የውሃውን የጨው ሽታ ያውቀዋል። ዳሩ ላይ የዕቃ ጀልባዎች ተደርድረው ፍሪጅና ጎማ ይጭናሉ፤ በጅረት ላይ ይህ አይሆንም። በኅዳር 2016 እ.ኤ.አ. ደግሞ አዲስ ቦይ ተመርቆ ኾሩን በሌላ በኩል ከባሕሩ ጋር ስላገናኘው ዛሬ ሁለት አፍ አለው። እንዲያም ሆኖ ሰርጥ አይባልም፤ የዱባይ ኾር ነው።

ሸርም በቀይ ባሕር ዳር ወደ የብስ ሰርጎ የገባ ጠባብ ውሃ ነው። የጅዳው ሸርም ኦብሁር እዚያ ለኖረ ሰው አዲስ አይደለም፣ ሸርም ኤል ሼኽም እንደዚሁ። መርሳ መርከብ መልሕቅ የሚጥልበት መጠለያ ነው፤ በኤርትራ ጠረፍ መርሳ ፋጡማ አለ። እነዚህን ስሞች እንዳሉ ጽፎ አንድ ጊዜ «ወደ የብስ የገባ ጠባብ የባሕር ውሃ» ብሎ መግለጽ ከማንኛውም ትርጉም ይሻላል። «የመርሳ ወደብ» ማለት ግን አንድን ነገር ሁለቴ መጥራት ስለሚሆን ይቅር።

ቅርባችን ያሉት አስቸጋሪዎች

ጅቡቲ ለዚህ ትምህርት የተሠራች ነው ማለት ይቻላል። ከኤደን ባሕረ ሰላጤ ወደ ምዕራብ ስትገቡ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ አለ። በእሱ ጫፍ በጠባብ መተላለፊያ የሚገባበት ጉቤት አል ኸራብ አለ። ዙሪያውን ሊዘጋ ምንም አልቀረውም፣ ስለዚህ ላጉን ለማለት ያስመኛል። እኔ ግን ወሽመጥ እለዋለሁ። የከለለው አሸዋ ወይም ኮራል ሳይሆን የተሰነጠቀ የእሳተ ገሞራ ምድር ነው፤ ጥልቀቱም ወደ 200 ሜትር ይደርሳል። ከእሱ አለፍ ብሎ ከባሕር ወለል በታች 155 ሜትር ላይ አሳል አለ። የጉቤት የባሕር ውሃ በድንጋዩ ስንጥቅ ሥር ሥር እየሰረገ ይገባበታል፣ ጸሐዩም ያተነዋል፤ ጨዋማነቱ ከባሕር ወደ አሥር እጥፍ ይጠጋል። ውሃው የባሕር ቢሆንም በገጽ የሚታይ አፍ ስለሌለው አሳል ሐይቅ ነው።

የኛው ዳናኪል ከዚህም ይብሳል። ከዛሬ 120 ሺህ ዓመት ገደማ በፊት ቀይ ባሕር እዚያ ይገባ ነበር፤ በረባዳው ዳርቻ ቅሪተ ኮራል ይታያል። አፋሮች እየቆረጡ አሞሌ የሚያደርጉት ጨው ይህን የመሰለ የባሕር መግባትና መድረቅ ውጤት ነው። ስለዚያ ዘመን ስትጽፉ «የቀይ ባሕር ክንድ» ወይም «የጥንት ባሕረ ሰላጤ» በሉ። ስለ ዛሬው ስትጽፉ የጨው ሜዳና የጨው ሐይቅ በሉ።

ዙላ ቀላል ነው። አዱሊስ የነበረችበት፣ በኋላም የእንግሊዝ ጦር ወደ መቅደላ ለመዝመት የወረደበት ውሃ አፉ ክፍት ነው፤ በጸናው ስሙ የዙላ ባሕረ ሰላጤ እንበለው። በርበራ ግን ጥንቃቄ ይጠይቃል። ወደቡን ከማዕበል የሚጠብቀው ዝቅ ያለ የአሸዋ ምላስ ነው፤ አሸዋ ስላለ ብቻ ላጉን ብሎ መጻፍ ያጓጓል። ከአሸዋው ጀርባ ያለው ውሃ ግን መርከብ የሚገባበት ክፍት አፍ ያለው ነው። የበርበራ ወሽመጥ ወይም መጠለያ ወደብ ይበቃዋል።

ፊዮርድ ላይ ብዙ አልቆይም። በረዶ የቦረቦረው፣ ባሕር የገባበት፣ ጥልቅና ገደላማ ሸለቆ ነው። የኖርዌዩ ሶኝፊዮርድ 205 ኪሎ ሜትር ገብቶ እስከ 1,308 ሜትር ይጠልቃል። ቃሉን እንዳለ እንጠቀምበት፤ ወሽመጥ ካልነው ጥልቀቱ ይጠፋል።

ሥራ ላይ ሲውል

የፊልም ጽሑፍ ላይ ቦታ ጠባብ ስለሆነ ማብራሪያ አይገባም። እዚያ ላጉን ብቻ ጻፉ፤ ምስሉ ቀሪውን ይናገራል። ዜና ላይ መጀመሪያ ሲጠቀስ አንድ ሐረግ ጨምሩ፣ ከዚያ በኋላ ስሙን ብቻ። የመማሪያ ጽሑፍ ላይ ካርታ ሳይኖር እነዚህን ቃላት አታስተምሩ፤ ተማሪው አፉን በጣቱ ካልነካ ሰርጥና ሰላጤን ይቀያይራል። የውጭው ስምና የውሃው ባሕርይ ሲጋጩ ደግሞ ሁለቱንም በአንድ ዓረፍተ ነገር ማስታረቅ ይቻላል፤ ለምሳሌ፦ «ሐይቅ ተብሎ የሚጠራው መንዘላ ከሜዲትራኒያን በቀጭን የአሸዋ ግርዶሽ የተለየ ላጉን ሲሆን፣ የስዊዝ ቦይ በምሥራቃዊ ዳርቻው በኩል ያልፋል።»